አራተኛው ስም

በ2006 ዓ.ም. ክረምት አሳምነው ታሞ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ስሜነሽ ለጊዮርጊስ ተሳለች። እንዲሞትላት አይደለም፤ እንዳይሞትባት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልማ፣ ግንባሯን ከግድግዳው ሳታነሣ፣ «እባክህ አቆይልኝ» አለች። «እንዲህ እንደተከበረ፣ አገር እያለቀሰለት አይሂድብኝ። መጀመሪያ ከወንበሩ ይውረድ፤ ሲወርድም ቆሜ ልየው። ከዚያ ወዲያ እንደ ፈቃድህ።»

አሳምነው ዳነ። ስሜነሽም በሃያ ሦስት ስለቷን፣ አንድ እስር ጧፍ፣ አገባች። ያየ ሁሉ ለልጇ ጤና የተሳለች መሰለው።

ስሜነሽ ከእንጅባራ ወደ ዘንገና በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖር፣ አምሳ ዓመት የሞላት፣ ረጅም፣ ደረቅ ያለች ሴት ናት። ባሏ ምህረቴ በድንቹ ስሙ የተነሣ ገበሬ ነበር። በ2001 ሲሞት የተወላት ሦስት ጥማድ መሬትና አንዲት ላም ነው። አንዱ ጥማድ ጓሮዋ ነው። ሁለቱ ወንዝ ዳር ናቸው፤ በበጋ እንኳ ብትቆፍረው እርጥብ የሆነ፣ ጥቁር፣ የዘሩበትን የማያሳፍር መሬት። አንድ ልጇ ሸጋ ጫግኒ ወርዳ አግብታለች።

በ2002 ግንቦት ላይ ሸጋ ወልዳ አልሽር አለች። ስሜነሽ ቤቷን ዘግታ፣ ላሟን ለጎረቤት ሰጥታ ወደ ጫግኒ ወረደች። የቆላው ሙቀት እያንገበገባት ስድስት ወር አስታመመች። በኅዳር ስትመለስ፣ ከመኪና ወርዳ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ወንዝ ዳሩ ነው። መሬቷ አረም ውጦት የምታገኘው መስሏት ነበር። ያገኘችው የደረሰ ገብስ ነው። መካከሉ ላይ የአሳምነው ሚስት ወንድም ማጭድ ይዞ ቆሟል።

«የማን ነው ይህ?» አለችው።

«የኔ ነዋ። ኮሚቴው ሰጠኝ።»

አሳምነው ያን ጊዜ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ስሜነሽ ጓዟን እንደተሸከመች ወደ ቤቱ ሄደች። ደጁ ላይ ተቀምጦ የፈረሱን ኮርቻ ይጠግን ነበር። ቀና አላለም።

«አንቺ አገር ለቀሽ ሄደሽ የለም እንዴ?»

«ልጄን ላስታምም ነው የሄድሁት። አንተም ታውቃለህ፤ ስሄድ በደጅህ ነው ያለፍሁት።»

«ኮሚቴው ሦስት ዓመት ጦም ያደረ መሬት ነው ብሎ ወስኗል። ቅር ካለሽ ወረዳ አለልሽ።»

ወረዳ ሄደች። ወረዳው «ከቀበሌ ማስረጃ አምጪ» አላት። የቀበሌው ማስረጃ ያለው በአሳምነው እጅ ነው። እንዲህ ከዚያ ወደዚህ ስትገፋ ዓመት አለፈ። ከዚያ ሁሉ ምልልስ በእጇ የገባው የቃለ ጉባኤው ቅጂ ብቻ ነው። ስሜነሽ ፊደል አልቆጠረችም። ወረቀቱን ነጥቀው ይቀድዱብኛል ብላ ስለምትፈራ ለማንም አታሳይም። አንድ ጊዜ ብቻ ለደርበው ሰጠችው። ደርበው የአሳምነው ምክትል ነበር፤ በአንድ የግጦሽ መሬት ተጣልተው ከኮሚቴው ወጥቷል። የጠላቴ ጠላት አይዋሸኝም አለች።

ደርበው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አድርጎ አነበበላት። «ሦስት ሰው ነው ያለበት» አላት። «ሰብሳቢው አሳምነው። ጸሐፊው፤ እሱ እንኳ ሞቷል። ምስክር ሆኖ በአውራ ጣቱ ያተመው ደግሞ ሽባባው ሸማኔው ነው። እኔ ያኔ ወጥቼ ነበር። ብኖርማ ይህ ይደረግ ነበር?»

የሞተውን ለእግዜር ተወችው። ሁለቱን ለራሷ ያዘች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የስሜነሽ ኑሮ በቂም የተቃኘ ሆነ። ማለዳ ስትነሣ ከጸሎቷ በፊት ሁለቱን ስም ትጠራለች። በአሳምነው ደጅ ስታልፍ ምራቋን እንትፍ ሳትል አታልፍም። የሽባባው ሚስት በሞተች ጊዜ ቀብር ወጣች፤ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ መንገዱ ላይ ቆማ ቀረች። ለቀስተኛው ሁሉ አያት። የሟቿም ልጅ አየቻት። የነፍስ አባቷ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ፤ እንዲህ ሆነሽ ላቆርብሽ አልችልም» ቢሏት፣ «አባ፣ እኔ ስርቆት አልሄድሁም፤ የተሰረቅሁት እኔ ነኝ» ብላ ወጣች።

እንዲህ እንዲህ እያለ 2008 ገባ። በኅዳር ላይ ወረዳው አዲስ ነገር ይዞ መጣ፤ የገበሬው መሬት ሁሉ እንደ አዲስ በመሣሪያ ሊለካ ነው፤ ካርታ ያለው ደብተር ሊሰጥ ነው። ከለኪዎቹ ጋር እየዞረ «ድንበሩ ይህ ነው» የሚለው የመሬት ኮሚቴው ነው። ስለዚህ አዲስ ኮሚቴ ይመረጥ ተባለ። ዛሬ የተሳሳተ ድንበር ለልጅ ልጅ የሚተርፍ መሆኑን ሁሉም አውቆታል።

አሳምነው ዳግም ለሰብሳቢነት ቀረበ። ደርበውም ቀረበ። መንደሩ ለሁለት ተከፈለ ማለት ግን አይቻልም፤ አሳምነውን ከዘመዶቹ በቀር የሚወደው የለም፤ ደርበውንም የሚያምነው የለም። «ደርበውም ይበላል፤ ግን ያካፍላል» ይሉ ነበር። «አሳምነው ብቻውን የሚበላ ጅብ ነው። የደርበው ይሻላል።» ይሻላል የምትለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ስትሄድ ከረመች።

ሦስተኛም ሰው ነበረች፤ ያለምወርቅ፣ የሽባባው ሸማኔው ልጅ። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ችግኝ ጣቢያ ተቀጥራ የነበረች፣ ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ሲጣሉ፣ ገመዱን ሁለቱንም አስይዛ፣ ራሳቸው እርምጃውን እየቆጠሩ እንዲለኩ ያደረገች እሷ ናት። የጠቆሟት የላይኛው ጎጥ ሽማግሌዎች ነበሩ። እነሱ አገውኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም፤ በስብሰባ ላይ የሚባለው ሳይገባቸው ሰው እጁን ሲያነሣ አብረው ያነሣሉ። ያለምወርቅ ግን ከአጠገባቸው ተቀምጣ በቋንቋቸው ታስረዳቸዋለች። ታዲያ ሰው ሲሰማ ሣቀ። «የቁጢት በጥ ልጅ መሬታችንን ልታካፍል?» ብሎ በአባቷ ሸማኔነት የዘለፋት ነበር። ደህና ደህናውም ሰው «ልጅቱስ ታውቅበታለች፤ ግን አታሸንፍም፤ ለእሷ የወጣ እጅ ባከነ ማለት ነው» ይል ነበር።

ደርበው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ስሜነሽ ቤት መጣ። የባል የሞተባቸውን ሴቶች የጽዋ ማኅበር የምትመራው እሷ ነች፤ ሃያ ሦስት ሴቶች እጇን አይተው እጃቸውን ያነሣሉ።

«የአሳምነውን መጨረሻ ማየት ትፈልጊያለሽ፣ አይደል?» አላት።

«አምስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ሴቶቹን ይዘሽ ከኔ ቁሚ። በተመረጥሁ በሳምንቱ መሬትሽ በእጅሽ ነው።»

«በጊዮርጊስ በል።»

«በጊዮርጊስ።» ደርበው ከተቀመጠበት ሳይነሣ ጨመረ። «አንድ ነገር አለ። ያቺ የሸማኔው ልጅ የላይኛውን ጎጥ ድምፅ ልትወስድብን ነው። ሄደሽ የአባቷን ሥራ ንገሪያት። አሳፍሪያት። ትተወው።»

ስሜነሽ ለዚህ ሁለት ጊዜ መለመን አላስፈለጋትም። የሽባባውን ጣት ከልጁ ዓይን ሥር ማስቀመጥ! ወረቀቱን ከተጠቀለለበት ፌስታል አውጥታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ዳገቱን ወጣች።

ሽባባው ሸማው ላይ ነበር። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ፣ እጁ መወርወሪያው ላይ። ሲያያት መወርወሪያው ከእጁ ወደቀ። ያለምወርቅ ከጓዳ ወጣችና እጅ ነሣች። «ይግቡ፣ እትዬ ስሜነሽ።»

«አልገባም። አሥረኛ ክፍል ጨርሰሻል አሉ፤ እስኪ ይህን አንብቢ። ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ አባትሽም ይስማ።»

ያለምወርቅ ወረቀቱን ተቀበለች። ከላይ ጀምራ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ «ባለይዞታዋ ቀበሌውን ለቃ የሄደች በመሆኑ» የሚለውን፣ አንድም ቃል ሳትዘል አነበበች። ሥሩ ላይ ስትደርስም አላቆመችም። «ሰብሳቢ፣ አሳምነው። ፊርማ አለው። ጸሐፊ፤» ብላ የሟቹን ስም ጠራች። «ምስክር፣ ሽባባው። የአውራ ጣት አሻራ አለው።»

«አየሽ?» አለች ስሜነሽ።

«አልጨረስሁም» አለች ያለምወርቅ። «ምክትል ሰብሳቢ፣ ደርበው። ፊርማ አለው።»

ስሜነሽ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። «ምን አልሽ?»

«ደርበው። አራተኛው ስም ነው። ይኸው።» ጣቷን በመስመሩ ሥር አስኬደች። ለስሜነሽ ግን መስመሩ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነበር፤ ማን ይሁን ማን አይለይም።

ሽባባው ከጉድጓዱ ወጥቶ ቆመ። «ቤቴ የቆመበትን ቦታ ይነጥቀኛል ብዬ ነው፣ እመቤቴ። አሳምነው ወይ አትም፣ ወይ ልቀቅ አለኝ። እግርሽ ላይ ልውደቅ...»

«እንዳትነካኝ!» አለች ስሜነሽ። ወደ ልጅቱ ዞረች። «አንቺስ? ከተመረጥሽ መሬቴን ትመልሽልኛለሽ?»

«እንዲያ ብዬ ቃል አልገባም።»

«ደርበው ገብቶልኛል!»

«እኔ ነገሩን በሰው ፊት አስከፍተዋለሁ። ምስክር ይቀርባል፤ አባቴም ይቀርብና የዋሸውን ይናገራል። ከዚያ የሚወጣው ይወጣል። ይህን ነው ልልዎ የምችል።»

ስሜነሽ ወረቀቷን መንጭቃ ቁልቁለቱን ወረደች። ለሁለት ሰው ብላ ያጠራቀመችው እሳት አሁን ለሦስት ሰው ይበቃ እንደሆን አላወቀችም። ደርበው! ቤቷ ተቀምጦ፣ በጊዮርጊስ ምሎ! ደግሞ ደጋግማ አሰበች፤ ልጅቱ ብትዋሽስ? አባቷን ለማዳን ሌላ ሰው ብትጨምርበትስ? ግን የአባቷን ስም ራሷ አነበበች፤ መዝለል ትችል ነበር፤ አልዘለለችም። ለአባቷ ያላደላች ለማን ትዋሻለች?

ያን ሳምንት ለሴቶቹ ምንም አልነገረቻቸውም። ለደርበው ግን «ልጅቱ አልሰማ አለች፤ እኔ ግን እንዳልነው ነኝ» ብላ ላከችበት።

ምርጫው የተደረገው በእሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ዝግባ ሥር ነው። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ፈረሶች ዳር ዳሩን ታስረዋል። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ጠረጴዛ አስቀምጦ ስም ከጻፈ በኋላ አስተያየት ያለው ይናገር አለ። ስሜነሽ ብድግ አለች።

«እጄን ከማንሣቴ በፊት አሳምነው የሠራኝን ሥራ አገሩ ይስማልኝ። ደርበው፣ አንተ ፊደል ታውቃለህ። ናና አንብብልኝ።»

ደርበው ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ደረቱን ነፍቶ ወደ ፊት ወጣና እንደ ቄስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የአሳምነውን ስም ሲጠራ ሁለት ጊዜ ጠራው። ጸሐፊውን ጠራ። ሽባባውን ጠራ። ወረቀቱን አጠፈና ሊመልስላት እጁን ዘረጋ።

«ጨረስህ?» አለችው።

«ጨረስሁ።»

ያን ጊዜ አሳምነው ከተቀመጠበት ሣቀ። ከት ብሎ ሣቀ። ያ ሣቅ ለስሜነሽ ከንባቡ ሁሉ በላይ ነገራት። ወረቀቱን ወስዳ ለባለሙያው ሰጠችው። «አንተ እንግዳ ነህ፤ ማንንም አታውቅም። ከሽባባው በኋላ ያለውን አንብበው።»

ባለሙያው አየው። «ምክትል ሰብሳቢ፣ ደርበው» አለ።

ደርበው «አስገድዶኝ ነው!» አለ። አሳምነው ተነሣ። «ማን ነው ያስገደደህ? የዳገቱን ግጦሽ ስታጥር ማን አስገደደህ?» «የሚስትህን ወንድም ባለመሬት ያደረግኸው አንተ!» «አንተስ የሰጠኸውን ልቁጠር?» ሁለቱ ጣት እየተጠነቋቆሉ አንዱ የሌላውን ገመና ሲዘረግፍ፣ ከየአቅጣጫው ሰው ይነሣ ጀመር። «የኔስ? የኔን ድንበር ማን ገፋው?» የሚል በዛ። ያለምወርቅ ከላይኛው ጎጥ ሽማግሌዎች መካከል ቆማ የሚባለውን በአገውኛ ትነግራቸዋለች፤ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል።

ስሜነሽ ቆማ አየች። ሁለት ሰው በአንድ ገደል ሲንከባለል ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! እንደ ማር ወረደላት። አምስት ዓመት የጠበቀችው ይህ ነበር፤ ከጠበቀችውም እጥፍ ሆኖ መጣ።

ግን ጫጫታው በረድ ሲል አንድ ሽማግሌ «ያም ሆነ ይህ፣ ከአሳምነው ደርበው ይሻላል፤ ዛሬ እንኳ ተዋርዷል፣ ይማርበታል» ሲሉ ሰማች። ሰውም ራሱን በእሺታ ሲነቀንቅ አየች።

«እኔ ዛሬ የመጣሁት ለጽድቅ አይደለም» አለች፤ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ። «ለበቀል ነው የመጣሁት። ደግ ሴት ናት እንዳትሉኝ። አሳምነውን እጥላለሁ ብዬ ደርበውን ልሾምባችሁ ነበር። ይሻላል እያልን፣ ከዝንጀሮ ቆንጆ ስንመራርጥ፣ እነሱ እህላችንን ጨረሱት! ሁለቱም ይወድቁልኝ። ሁለቱን የሚጥልልኝ እጅ ለማን እንደሚነሣ አውቄአለሁ።»

«ለቁጢት በጥ ልጅ?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«እኔን የበላኝ የጨዋ ልጅ ነው!»

እጅ ተቆጠረ። ለአሳምነው አምሳ ሁለት። ለደርበው ሰማንያ አራት። ለያለምወርቅ የላይኛው ጎጥ ሁሉ፣ ከታችኛውም ድንበራቸው የተገፋባቸው አነሡ። ከሃያ ሦስቱ የስሜነሽ ሴቶች አሥራ አምስቱ ብቻ ተከተሏት፤ ስምንቱ ደርበው ለእያንዳንዳቸው የገባውን ቃል ይዘው ቀሩ። ዘጠና ሰባት ሆነ። ባለሙያው ሁለት ጊዜ ቆጠረው።

ያለምወርቅ የኮሚቴውን ጉባኤ ከቢሮ አውጥታ ዝግባው ሥር አደረገችው። የሚባለው ሁሉ በሁለቱም ቋንቋ ይባላል፤ የተጻፈው ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ይነበባል። የስሜነሽ ጉዳይ በጥር ታየ። እሷ በማለዳ ሄዳ፣ ቆሎዋን በነጠላዋ ይዛ፣ ከፊት ተቀመጠች። አሳምነው ተራው እስኪደርስ ፀሐይ ላይ ሲቆም እያየች ቆሎዋን አንድ አንድ እያለች ቆረጠመች። ሽባባው ቀርቦ በልጁ ፊት «ዋሽቻለሁ» አለ። ደርበውም ተጠርቶ ፊርማው የሱ መሆኑን አመነ። ነገሩ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ሄደ፤ በሰኔ ፈረደላት። ሁለቱን ጥማድ ተረክባ ድንች ተከለችበት።

ለኪዎቹ መጥተው ጓሮዋን ሲለኩ ግን ሌላ ነገር ተገኘ። የቀርቀሃ አጥሯ የላይኛው ጎጥ ከብቶች ውኃ የሚወርዱበትን መንገድ ሁለት እርምጃ ገፍቶ ኖሯል። ያለምወርቅ «አጥሩ ይነሣ» አለች።

ስሜነሽ ጮኸች። «እኔ አይደለሁም ያስመረጥሁሽ?»

«እርስዎ ነዎት» አለች ያለምወርቅ። «ያስመረጡኝ ለዚህ አይደለም እንዴ?»

ስሜነሽ አንድ ወር አላናገረቻትም። አጥሩን ግን ራሷ ነቅላ አነሣችው።

በዓመቱ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ የነፍስ አባቷ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ለእርቅ መጡ። አሳምነው ፈረሱን ሽጦ ግምጃ ቤት ከተማ ገብቷል፤ ከሰል ይነግዳል፤ ሰው ቀና ብሎ አያየውም። ደርበው ከቤቱ አይወጣም። ሽባባውም ይቅር በይኝ ብሎ ልኮባታል።

«ሽባባውን ይቅር ብያለሁ» አለች ስሜነሽ። «ፈርቶ ነው፤ በሰው ፊትም አምኗል። ይምጣ።»

ቄሱ ደስ አላቸው። «ሁለቱንስ፣ ልጄ?»

«ሁለቱን ተዉልኝ፣ አባ» አለች ስሜነሽ። «ገና አልጠገብሁም።»